ጓዙ ከመጫኑ በፊት
ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ መውጣት

የነሐሴ ቅዳሜ ማለዳ ነው። የጦሳ ተራራ ከአናቱ እስከ ወገቡ በጉም ተሸፍኗል። ደሴ፣ ሸዋበር ውስጥ በአንድ ጠባብ መንገድ አፍ ላይ አይሱዙ ቆሟል። ቦታው ዳገት ስለሆነ ረዳቱ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገብቷል። ከግቢው በመጀመሪያ ፍራሽ፣ ከዚያ በማዳበሪያ የታጨቀ ልብስ፣ ከዚያ የአልጋ ብረት ይወጣል። ሁለት ጫኞች ብፌ ተሸክመው በሩ ላይ ቆመዋል፤ በቁሙ አልወጣ ብሏቸው እያጋደሙት ነው። የቤቱ እመቤት ስኒዎቿን በጋቢ ጠቅልላ ይዛለች፤ ለማንም አትሰጥም። ጎረቤቶቿ ቡናውን እስከ በረካው ጠጥተው ተነስተዋል። አንዷ ምጣድ፣ ሌላዋ ሞሰብ ይዘው ይወጣሉ፤ መኪናው ጋ ሲደርሱ ዕቃውን ያቀብሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። አባወራው ግን እዚህ የለም። መሸኛ ሊያወጣ ቀበሌ ሄዷል። ቅዳሜ መሆኑ ትዝ ያለው ከተዘጋው በር ሲደርስ ነው።

ይህን የመሰለ ማለዳ ክረምቱ ሊወጣ ሲል በደሴም በኮምቦልቻም ደጋግሞ ይታያል። መምህሩ ዝውውር ደርሶታል፤ የፋብሪካ ሠራተኛዋ ሥራዋ አጠገብ ቤት አግኝታለች፤ አከራይ ቤቱን ለልጁ ፈልጎታል፤ ልጆች መስከረም ላይ አዲስ ትምህርት ቤት መግባት አለባቸው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ብዙ ሰው «እዚሁ ታች ነው» ብሎ ይንቀዋል፤ ሊነሳ ሳምንት ሲቀረው ካርቶን መፈለግ ይጀምራል። ካርቶኑ ይገኛል፤ መኪናውም ይገኛል። ቤት ቀይሮ የሚጉላላ ሰው በአብዛኛው የሚጉላላው መኪናው ላይ ባልተጫነው ነገር ነው፦ ባልተጨረሰው ወረቀት፣ ባልተነገረው ቅሬ (እድር)፣ በደንብ ባልታየው ግድግዳ፣ ባልታሰበበት አየር።

ሁለት ከተሞች፣ አንድ ኑሮ

ደሴ የደቡብ ወሎ ዞን መቀመጫ ናት። ንጉሥ ሚካኤል ከተንታ ተነስተው መናገሻቸው ካደረጓት ጊዜ ጀምሮ የወሎ ፍርድ፣ ገበያና አስተዳደር የሚያመራው ወደ እርሷ ነው። ከአይጠየፍ አዳራሽ እስከ ሰኞ ገበያ ያለው የከተማዋ ወግ ሁሉ ይህን ይመሰክራል። ትልቁ ሆስፒታል፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ፣ የዞን መምሪያዎች እዚህ ናቸው። ኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ናት። በደርግ ዘመን የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የቢራ ፋብሪካው፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ደረቅ ወደቡ፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ከአዋሽ ተነስቶ ሐራ ገበያ እንዲደርስ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ሁሉም ያሉት በዚህ ሜዳማ ከተማ ነው። የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ኮምቦልቻ ይገኛል።

ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ሁለቱንም ከተሞች በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። ባል ፋብሪካ ሲውል ሚስት ደሴ ትሠራለች፤ ልጅ ደሴ ይማራል፤ አያት ሆስፒታል ክትትል አላቸው። ጠዋትና ማታ በሁለቱ ከተሞች መካከል ሚኒባስ የሚሞላው ለዚህ ነው። ቤት ለመቀየር ያሰበ ሰው መጀመሪያ መቀመጥ ያለበት ከዚህ ሒሳብ ጋር ነው። የአንድ ወር የትራንስፖርት ወጪ፣ በመንገድ የሚጠፋው ሰዓት፣ የኪራዩ ልዩነትና የልጆቹ ትምህርት ቤት በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ወረቀቱ አንዳንዴ «ተነሱ» ይላል፤ አንዳንዴ ደግሞ «ባላችሁበት ቆዩ፤ አንዱ ሰው ይመላለስ» ይላል። ሁለቱም ደግ ውሳኔ ነው። ክፉው ውሳኔ ሳይቆጥሩ ተነስቶ በሦስተኛው ወር ጓዝ መልሶ መጫን ነው፤ የመኪናው ኪራይ፣ የደላላው ክፍያና የቅድሚያ ኪራዩ ሁለት ጊዜ ይወጣልና።

የ650 ሜትር ልዩነት

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ። ከአንዷ ወደ ሌላዋ የሚሄድ ሰው በአንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ 650 ሜትር ያህል ይወርዳል ወይም ይወጣል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ በየሺህ ሜትሩ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ይህ ቁጥር ወጥ ቤት ውስጥ፣ መኝታ ቤት ውስጥ፣ የሕፃን ልጅ ደረት ላይ የሚታይ ቁጥር ነው።

ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ቤተሰብ ከሦስት ብርድ ልብሱ አንዱን ያስቀራል፤ በምትኩ አጎበር ያስፈልገዋል። ወባ በአገራችን በብዛት የሚገኘው ከ2000 ሜትር በታች ነው። ደሴ ከዚያ በላይ፣ ኮምቦልቻ ከዚያ በታች ናቸው። ወባ የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ይህም ብዙ ቤተሰብ ጓዙን አውርዶ ገና ካርቶን ሳይፈታ ያለበት ወቅት ነው። ደሴ ተወልዶ ያደገ ልጅ ወባን የለመደ ሰውነት የለውም። ስለዚህ አጎበሩ ከአልጋው ጋር ይጫን፤ በመጀመሪያው ማታ ይሰቀል። ትኩሳት ከመጣ «የአየር ለውጥ ነው» ብሎ መቀመጥ አይገባም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር ያስፈልጋል።

ወደ ደሴ የሚወጣ ቤተሰብ ደግሞ ጉም፣ እርጥበትና ብርድ ይጠብቁታል። አስም ያለበት ሰው፣ አዛውንትና ጨቅላ ካሉ መኝታቸው ከእርጥብ ግድግዳ የራቀና ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ይሁን። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አንድዶ መተኛት ሕይወት ያጠፋል። የደሴ ብርድ አዲስ የሆነበት ሰው ይህን ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ማወቅ አለበት።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድም የራሱ ጠባይ አለው። ከደሴ ወጣ ሲሉ የዶሮ መዝለያ ቁልቁለት ይቀበላል፤ የቦርከና ወንዝ በገደሉ ሥር ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። አካባቢው በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተዘረጋ፣ አፈሩ በዝናብ የሚላላ ነው። የመሬት መንሸራተት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ የሚበረታበት፣ ከሰዓት በኋላ የሚዘንብበት ወቅት ነው። ወሎ የበልግ ዝናብም ስላለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ሙሉ በሙሉ ደረቅ አይደለም። ምርጫ ላለው ሰው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለጓዝ የተመቸ ነው። ምርጫ የሌለው፣ ትምህርት ቤት ወይም ዝውውር ነሐሴ ላይ እንዲነሳ ያስገደደው ሰው ደግሞ በማለዳ ጭኖ ከቀትር በፊት ማራገፍ አለበት። ሸራ ሳያዩ መኪና አይከራዩ። ሸራው ቀዳዳ የሌለው፣ ጓዙን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሸፍን፣ በገመድ የሚታሰር መሆን አለበት።

የቀኑ ምርጫም ጥበብ ይፈልጋል። ሰኞ የደሴ ገበያ ነው፤ መንገዱ በሰውና በጭነት ይጨናነቃል። ዓርብ ቀትር ጁምዓ አለ፤ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ። ጎረቤቱ ሙስሊምም ክርስቲያንም በሆነበት የወሎ ሰፈር፣ ሁሉም ሊያግዝ የሚችልበትን ሰዓት መምረጥ የሰውን ልብ ማክበር ነው። ጉልበትም ያተርፋል።

ቤቱን በዝናብ ማየት

አዲስ ቤት አንድ ጊዜ በፀሐይ፣ አንድ ጊዜ በዝናብ ይታይ። ደላላ የሚያሳየው በፀሐይ ነው።

ደሴ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ግድግዳው ነው። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ካለ፣ በተለይ ስንጥቁ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ከሆነ፣ መሬቱ ከቤቱ ሥር እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላል። አዲስ ቀለም በአንድ ግድግዳ ላይ ብቻ ከተቀባ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ነው። ከቤቱ በላይ ያለው ዳገት የጎርፍ ቦይ አለው ወይ? የድጋፍ ግንቡ ውሃ የሚያስወጣበት ቀዳዳ አለው ወይ? ግንቡ ወደ ውጭ አብጦ ከሆነ ቤቱ ምንም ቢያምር ይቅር።

ኮምቦልቻ ላይ ጥያቄው ሌላ ነው። ቤቱ ለቦርከና ወይም ወደ እርሱ ለሚገቡት ትናንሽ ወንዞች ምን ያህል ይቀርባል? ባለፈው ክረምት ውሃ ገብቶ ነበር ወይ? ይህን ከአከራዩ ይልቅ ከጎረቤት መስማት ይሻላል፤ የግድግዳው ግርጌ ላይ ያለው የጭቃ መስመርም ይናገራል። መስኮቱ ወንፊት አለው ወይ? ጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ኮርኒስ አለው ወይ? የኮምቦልቻ የቀትር ፀሐይ በባዶ ቆርቆሮ ሥር ልጅ አያስተኛም።

በሁለቱም ከተሞች ውሃው በስንት ቀን እንደሚመጣና ሮቶ ወይም በርሜል መኖሩን ሳይጠይቁ ቀብድ መስጠት አይገባም። መብራቱም እንደዚሁ። ቆጣሪው የራስ ነው ወይስ ከአከራይና ከሌሎች ተከራዮች ጋር የጋራ? የጋራ ከሆነ ሒሳቡ የሚካፈለው እንዴት ነው? የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ በቀጭን ገመድ በተዘረጋ ቤት ውስጥ ገመዱን ያግላል፤ ብሬከሩን ይጥላል፤ ከከፋም እሳት ያስነሳል። ምጣዱ የሚሰካበትን ቦታ፣ የገመዱን ውፍረትና አከራዩ ምጣድ መፍቀዱን ቤቱን ባዩበት ቀን መጨረስ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ጠብ እንዳይነሳ የሚደረገው ስምምነት ኪራዩን ከሚመለከተው ስምምነት አያንስም።

በቃል የተያዘ ቤት

በሁለቱ ከተሞች ብዙ ቤት አሁንም የሚከራየው በቃል ነው። መተማመን የወሎ ሀብት ነው፤ ነገር ግን በቃል የተያዘ ቤት በቃል ይወሰዳል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለዚህ መፍትሔ ለመስጠት የወጣ ነው። በአዋጁ መሠረት ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ በሚመለከተው አካል ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ የቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል። አከራይም ሲያሻው በየወሩ ዋጋ መጨመር አይችልም።

አዋጁ በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች እንዲፈጸም የታሰበ ስለሆነ፣ ተከራይ ከመፈረሙ በፊት ወደ ከተማው አስተዳደር ሄዶ በከተማው የሚሠራበትን አሠራር ይጠይቅ። መልሱ ምንም ይሁን ምን የጽሑፍ ውል ማድረግን የሚከለክል የለም። ውሉ ኪራዩን፣ የሚከፈልበትን ቀን፣ ቅድሚያውን፣ የውሃና የመብራት አከፋፈሉን፣ ለመልቀቅ የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያና ቤቱ ሲረከቡ የነበረበትን ሁኔታ ይያዝ። የተሰበረ መስኮት፣ የሚያፈስ ቧንቧ፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ በስልክ ፎቶ ይነሳ፤ ፎቶው በዚያው ቀን ለአከራዩ ይላክ። ከሚለቁት ቤትም ሲወጡ እንዲሁ ማድረግ ነው፤ የውሃና የመብራት ሒሳብ ተከፍሎ ደረሰኙ ይያዝ፤ ቁልፍ ሲመለስ ምስክር ይኑር።

መሸኛ፣ ካርድና መድኅን

ወረቀት ከጓዝ አንድ ወር ቀድሞ መነሳት አለበት። የመጀመሪያው ከቀበሌ የሚወጣው መሸኛ ነው። መሸኛ የሌለው ሰው በአዲሱ ቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ይቸገራል፤ መታወቂያ የሌለው ሰው ደግሞ ባንክ፣ ስልክና ውል ሁሉ ይከብደዋል። የፋይዳ ቁጥር ያለው ሰው ቁጥሩ ከተማ ስለቀየረ አይለወጥም፤ የቀበሌው ነዋሪነት ግን በመሸኛው ይዛወራል። መሸኛው ላይ የቤተሰቡ አባላት ሁሉ ስም መኖሩንና ስሞቹ በልደት ሰርተፊኬትና በትምህርት ካርድ ላይ እንዳሉት መጻፋቸውን እዚያው መስኮቱ ላይ ማንበብ ነው። አንድ ፊደል ሲለወጥ ደሴና ኮምቦልቻ መመላለስ ይመጣል።

ሁለተኛው የልጆች ወረቀት ነው። ከትምህርት ቤቱ መልቀቂያና የውጤት ካርድ፣ ከጤና ጣቢያ የክትባት ካርድ። ትምህርት ቤቶች በክረምት ሠራተኛው ስለሚቀንስ፣ መልቀቂያውን ሰኔ ላይ ካርድ በሚሰጥበት ሰሞን መጠየቅ ቀላል ነው። አዲሱ ትምህርት ቤት ቦታ እንዳለው ሳያረጋግጡ ከቀድሞው አይልቀቁ።

ሦስተኛው የጤና ወረቀት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆነ ቤተሰብ አባልነቱ በነበረበት ቀበሌና ጤና ተቋም የተመዘገበ ስለሆነ፣ ከመነሳቱ በፊት ዝውውሩን ይጠይቅ። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም ሌላ ክትትል ያለበት ሰው የሕክምና ታሪኩን የሚገልጽ ወረቀትና ቢያንስ የአንድ ወር መድኃኒት ይዞ ይንቀሳቀስ። ነፍሰ ጡር እናት የክትትል ካርዷን በእጇ ትያዝ፤ ካርዱ ካርቶን ውስጥ አይግባ።

ከታች የሚቀመጠው፣ በእጅ የሚያዘው

ጓዝ ማሰናዳት የሚጀምረው በመቀነስ ነው። ቆራሌውና ልዋጩ በበር ሲያልፉ የተቀደደው ጫማ፣ የተሰበረው ወንበር፣ የማይሠራው ቴፕ ይሂድ። የማያስፈልግ ዕቃ ጭኖ መውረድ የመኪና ኪራይ መጨመር ነው። ልብስ በማዳበሪያና በሻንጣ፣ መጽሐፍና ደብተር በትንንሽ ካርቶን ይሁን፤ ትልቅ ካርቶን በመጽሐፍ ከተሞላ ታቹ ይበጠሳል። በየካርቶኑ ላይ የሚገባበት ክፍል በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ ጫኙ ሳይጠይቅ ያስቀምጠዋል።

ወጥ ቤት ከሁሉ በኋላ ይነሳል፤ ከሁሉ በፊት ይዘረጋል። የሸክላ ምጣድ በጠፍጣፋው ከተቀመጠ መኪናው ሲነቃነቅ ይሰነጠቃል። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ቆሞ፣ በሁለት ፍራሽ መሐል ይያዝ። የኤሌክትሪክ ምጣዱም ከላይ ያለው ሸክላ ስለሆነ እንደዚያው ነው፤ አክንባሎው ለብቻው ይሁን። ጀበና አንገቱ ላይ ስለሚሰበር ጨርቅ ተጠቅጥቆበት በሞሰብ ውስጥ ይቀመጥ። ስኒ በስኒ ላይ አይደረደርም፤ እያንዳንዱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ጎን ለጎን ይሁን። የጋዝ ሲሊንደር ቫልቩ ተዘግቶ፣ ቆሞ፣ ከሰው ተለይቶ ይጫን። ፍሪጅ ከአንድ ቀን በፊት ተነቅሎ ይደርቅ፤ ቆሞ ይጓዝ፤ ከወረደ በኋላ ወዲያው አይሰካ። ተጋድሞ ከተጓዘ ደግሞ እስከ ማግስቱ ይቆይ፤ ዘይቱ ወደ ቦታው ሳይመለስ መጭመቂያው ከተነሳ ይበላሻል።

ቁልቁለት ላይ ጭነት ወደ ፊት ይገፋል። ስለዚህ ከባዱ ነገር፣ ማለትም ቁምሳጥን፣ ብፌና ፍሪጅ፣ ከሹፌሩ ጀርባ ካለው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ይታሰር። ፍራሽ በጎን ይግባ። ቀላሉ ከላይ ይሁን። ወደ ደሴ የሚወጣ ጭነት ወደ ኋላ ስለሚስብ የኋላ በሩ በደንብ ይታሰር። ሰው ከጓዝ ላይ አይቀመጥ፤ ልጆች በተለይ።

ቤተሰቡ ራሱ የሚይዘው አንድ ቦርሳ ይኑር። በውስጡ ወረቀቱ ሁሉ፣ ገንዘቡ፣ መድኃኒቱ፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ የልጆች አንድ ቅያሪ ልብስ፣ ሻማና ክብሪት፣ ስኳርና ቡና ይሁን። እርሾው ደግሞ ክዳኑ በማይፈስ ዕቃ፣ ግማሽ ብቻ ተሞልቶ በእጅ ይያዝ። አየሩ ሲሞቅ እርሾ ይነፋል፤ እስከ አፉ የሞላ ዕቃ ዶሮ መዝለያን ሳይወርድ ይገነፍላል።

ስለ ጫኝና አውራጅ ግልጽ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ጉልበት ሸጦ የሚያድር ወጣት ክብር ይገባዋል፤ ክፍያውም ፍትሐዊ መሆን አለበት። ችግሩ የሚመጣው ዋጋው ሳይቆረጥ ሲጀመርና በማራገፊያው ቦታ ሌላ ቡድን መጥቶ «ይህ ሰፈር የእኛ ነው» ሲል ነው። መፍትሔው ቀድሞ መነጋገር ነው። የሚጫነው ዕቃ ለሚጭነው ሰው ይታይ፤ ዋጋው መጫንንም ማራገፍንም፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነም ጨምሮ ይቆረጥ። ከሹፌሩም ጋር ነዳጁ፣ ረዳቱና የመቆያው ሰዓት በዋጋው ውስጥ መሆናቸው ይነገር። በአዲሱ ሰፈር ያለው ቡድን ቤቱ በሚታይበት ቀን ይጠየቅ። ቤተሰቡ የራሱን ጓዝ በራሱ ጉልበት ማራገፍ ከፈለገ ማንም ሊያስገድደው አይገባም። ማስገደድ ካለ ፖሊስ መጥራት መብት ነው።

ቅሬውን መሰናበት

ወሎ ውስጥ እድሩ ቅሬ ነው። ቅሬ ሬሳ ያነሳል፣ ድንኳን ይተክላል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ሐዘንተኛን ሳይጠይቅ አይተኛም። ሙስሊሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ቀብር የሚወጣበት የወሎ ኑሮ የቆመው በእንደዚህ ያለ ማኅበር ላይ ነው። ከሰፈር የሚነሳ ሰው ቅሬውን ሳይነግር ከሄደ ስሙ በዝርዝሩ ላይ ይቀራል፤ ክፍያው ይጠራቀማል፤ እርሱም በአዲሱ ሰፈር ቅሬ ሳይገባ ወራት ያልፋሉ። ሞት ደግሞ ቀን አይጠብቅም። ሁለቱም ቅሬ በሌለበት ወር ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብ ያለ ድንኳን፣ ያለ ቀባሪ ብቻውን የቀረ ያህል ይሰማዋል።

ስለዚህ ከመነሳት አንድ ወር በፊት ወደ ቅሬው ሰብሳቢ መሄድ ነው። ሒሳቡን መክፈል፣ በአካል መሰናበት፣ መልካም አባል እንደነበሩ የሚመሰክር ሰው ወይም ወረቀት መያዝ። በአዲሱ ሰፈር ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ቅሬው የት እንደሚሰበሰብ፣ መግቢያው ስንት እንደሆነ፣ አዲስ አባል ከመቼ ጀምሮ ሙሉ መብት እንደሚያገኝ መጠየቅ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ በቀድሞው ቅሬ እየከፈሉ በአዲሱም መግባት የሚመርጡ አሉ፤ የሚችል ያድርገው። ዕቁቡ፣ ሰንበቴው፣ የጽዋ ማኅበሩ፣ ወዳጃው እንዲሁ በግልጽ ይነገራቸው፤ ዕቁብ በልቶ ክፍያውን ሳይጨርስ ሰፈር የለወጠ ሰው ተጠሪውን ያሳፍራል።

ሳይመርጡት የተነሱ

ወሎ የጓዝ ታሪክ ብዙ ያየ አገር ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን የሴባስቶፖል መድፍ እያስጎተቱ፣ በየገደሉ መንገድ እያስጠረጉ መቅደላ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል። ያ ጓዝ የንጉሥ ውሳኔ ነበር፤ የተሸከመው ግን የተራው ሰው ጀርባ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ማግስት በመንግሥት ሠፈራ 600 ሺህ ያህል ሰው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል ተወሰደ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የወሎ ሰው ነበር። ብዙው ቤተሰብ ምን እንደሚይዝ የመምረጥ ዕድል አልነበረውም። ከእነዚያ ሠፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች መካከል በቅርብ ዓመታት ከወለጋ በግጭት ተፈናቅለው ባዶ እጃቸውን ወደ ወሎ የተመለሱ አሉ።

በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የደሴና የኮምቦልቻ ሆነ። ከ2013 ክረምት ጀምሮ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለ ሕዝብ ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠልሎ ነበር። በጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ወደ ሁለቱ ከተሞች ሲደርስ ተቀባዩም ተፈናቃይ ሆነ። እስከ ኅዳር 27 ቀን 2014፣ የመንግሥት ኃይሎች ከተሞቹን መልሰው እስከያዙበት ቀን ድረስ፣ ብዙ ቤተሰብ በሰዓታት ውስጥ ቆልፎት የወጣውን ቤት አላየም። ሲመለስ ቤቱ የተዘረፈ ብዙ ነው፤ ሆስፒታል፣ ፋብሪካና መጋዘን ሳይቀር ተዘርፏልና። የተዘረፈ ፍራሽ በጊዜ ይገዛል። የጠፋ የልደት ሰርተፊኬት፣ የቤት ካርታ፣ የትምህርት ማስረጃ ግን ዓመታት ያንከራትታል።

ይህን ያየ ሕዝብ ቤት መቀየርን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። ለመነሳት ያሰበም ያላሰበም ቤተሰብ ሁሉ ዋና ዋና ወረቀቶቹን በአንድ ውሃ በማያስገባ ቦርሳ ይያዝ፤ የእያንዳንዱን ፎቶ አንስቶ በኢሜይል ያስቀምጥ፤ አንድ ኮፒ ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ይስጥ።

የመጀመሪያው ሳምንት

ጓዙ ወርዷል። መጀመሪያ የሚዘረጋው አልጋውና አጎበሩ፣ ቀጥሎ ወጥ ቤቱ ነው። ከደሴ የወረደች እናት ሊጧ ቶሎ እንደሚኮመጥጥ ታያለች፤ በደጋው ብርድ ሦስትና አራት ቀን የሚፈልገው ሊጥ በኮምቦልቻ ሙቀት ቀድሞ ይደርሳል፤ የማቡካቱን ቀን ማሳጠር ነው። ወደ ደሴ የወጣች ደግሞ ሊጡን ሞቅ ያለ ቦታ ታስቀምጥ፤ ቀን ትጨምርለት። ባቄላና ሽምብራም ደሴ ላይ ዘግይተው ይበስላሉ፤ ውሃ ኮምቦልቻ በ94፣ ደሴ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ነው። ጥራጥሬን ማታ መዘፍዘፍ ከሰልም መብራትም ይቆጥባል።

በመጀመሪያው ሳምንት ቡና ይፈላ፤ በግራና በቀኝ ያሉት ጎረቤቶች ይጠሩ። አቦሉ ላይ ስም ይነገራል፤ ቶናው ላይ ውሃው በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ይታወቃል፤ በረካው ላይ ምርቃት ይወርዳል። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው «ቤቱን የሰላም ያድርግላችሁ» ሲሉ መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም «አሚን» ይላል። ልጆች አብረው ይቀመጡ፤ አዲሱን ሰፈር የሚለምዱት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

አስተዳደሮቹም ድርሻ አላቸው። የደሴና የኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደሮች አንድ ነዋሪ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር የሚያስፈልገውን ሁሉ፣ መሸኛውን፣ የመድኅን ዝውውሩን፣ የትምህርት ቤት መልቀቂያውንና የኪራይ ውል ምዝገባውን፣ በአንድ ገጽ ጽፈው በየቀበሌው በር ቢለጥፉት ስንት ሰው ከመመላለስ ይድናል። የጫኝና አውራጅ ታሪፍም እዚያው ይለጠፍ። ሁለቱ ከተሞች በአንድ መንገድና በአንድ ኑሮ የተያያዙ ስለሆነ ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ተነጋግሮ መሥራትን ብቻ ይጠይቃል።

ለአንባቢ የምንለው ይህ ነው። መኪና ከመፈለግዎ አንድ ወር ቀድመው ወደ ቀበሌ፣ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ቅሬ ይሂዱ። አዲሱን ቤት በዝናብ ይዩት። ወረቀትዎን በእጅዎ ይያዙ። እነዚህ ከተሟሉ ጓዙን የሚያነሳ ጉልበትም መኪናም አይጠፋም።